ስድስቱ የጣውንት ስንኞች

ታንኳው ከዳር ሲላቀቅ ናንጌማ የተሰጣትን ቦታ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ከኋላ ነው፤ ከሩዙ ዘንቢልና ከአሬራው ማሰሮ አጠገብ፣ ቀዛፊው ዘንጉን በመዘዘ ቁጥር ውሃ በሚረጭበት። ሃምሳ ዓመት የኩሪንጂማና ቤት ታላቅ ሚስት ሆና የኖረች ሴት ከስንቅ ጋር ትጫናለች? ምንጣፍ የተነጠፈበት የፊተኛው ቦታ ለጣውንቷ ለኡማያማ ሆኗል። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም፤ መንገርም አላስፈለገም። ኡማያማ ቅዱሱን የቬዳ መዝሙር በቃሉ የያዘው የባለቬዳው እናት ናት። ናንጌማ የማንም እናት አይደለችም።

ደንገጡሯ ኩንጂ ወንድ እንዳያያት ትልቁን የቅጠል ጃንጥላ ከፊቷ አቁማላት ነበር። «እዚህ ነፋሱ ጥሩ ነው፣ እሜቴ» አለቻት፣ ለማጽናናት።

«ለሩዙ ጥሩ ነው። እንዳይነቅዝ።»

ኩንጂ ሳቋን በነጠላዋ ጠርዝ አፈነች። እሜቴ ናንጌማ ስትናደድ ቀልድ እንደሚቀናት ታውቃለች፤ ስትቀና ደግሞ ቀልዱ እንደሚመርር ከማንም ይበልጥ ታውቃለች።

ዝናቡ ካበቃ ወር አልፎታል። ኒላ ወንዝ ጎድሎ አሸዋው እንደ ዓሣ ጀርባ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። የሚሄዱት ወንዙ ባሕር ሊገባ ሲቃረብ ወዳለው ቤተ መቅደስ ነው። እዚያ በዓመት አንድ ጊዜ የላይኛው ወንዝና የታችኛው ወንዝ ባለቬዳዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይፈታተናሉ። አንደኛው ወገን የአንዷን መዝሙር የመጀመሪያ ቃል ይጥላል፤ የወዲያኛው ሰው ተነሥቶ ቃልን ከቃል እያጋባ፣ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ ወደ ፊት እየሄደ፣ እንደ ገመድ ጠምዝዞ ማውረድ አለበት። አንዲት ድምፅ ከወደቀችበት ይቀመጣል። የተቀመጠ ሰው ዕድሜ ልኩን ዳግመኛ አይጠራም፤ ቤቱም ከእሱ በኋላ አይጠራም።

ጦርነቱ ሕዝቡን ወደ ደቡብ ካሰደደና ጉባኤውን ካቋረጠ ወዲህ ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ሰባ ሰው ያሰልፍ የነበረው የላይኛው ወንዝ ወገን ዛሬ አምስት ሰው ቀርቶታል። ከአምስቱ ጥርስ ያለው የኡማያማ ልጅ ኒላካንታን ብቻ ነው።

ኒላካንታን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወደ ግንባሩ ያጋደለው ቁንጮው ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ለጉባኤው ታጥቦ ስለነጻ፣ ያልታጠበ ሰው እንዳይነካው ታንኳው መካከል ለብቻው ተቀምጧል። እናቱ ከፊት ሆና በጃንጥላዋ ጠርዝ አሥር ጊዜ እየዞረች ታየዋለች። ያቺ መዞር ናንጌማን እንደ እሾህ ትወጋታለች። በዓይኗ ጨረሰችው፣ አለች በሆዷ፤ ሰው ሳይሆን ዝሆን የወለደች ነው የሚመስላት።

በዓል በመጣ ቁጥር እንደዚሁ ነው። ኒላካንታን እግር ለመሳም ሲመጣ በሥርዓቱ መሠረት መጀመሪያ የናንጌማን እግር ይነካል። ታላቅ እናቱ ናትና። ግን እጁ የናንጌማን እግር እየነካ ዓይኑ የእናቱን እግር ይፈልጋል። ይህን ሌላ ሰው አያየውም። ናንጌማ ሠላሳ ዓመት አይታዋለች።

የናንጌማ ቅናት ግን ከኡማያማ ይቀድማል። በአባቷ ቤት አራት ወንድሞች ነበሯት። ቬዳ በቅጠል ላይ ተጽፎ አይጠናም፤ መምህሩ የተማሪውን ጭንቅላት በእጁ ይዞ፣ ድምፁ ሲወርድ ወደ ታች፣ ሲወጣ ወደ ላይ፣ ሲጠመዘዝ ወደ ጎን እያዘነበለ ነው የሚያስገባለት። አፍ ቢረሳ አንገት አይረሳም ይላሉ። አባቷ የአራቱን ጭንቅላት በየተራ ሲያዘነብል፣ እሷ ከእንጨቱ ርብራብ ጀርባ ተቀምጣ አበባ በክር ትሰካ ነበር። ሦስተኛው ወንድሟ ደደብ ነበር፤ አንዷን ስንኝ ወር ሙሉ ያላምጣታል። ናንጌማ በሁለተኛው ቀን ይዛት አንገቷ ብቻውን ሲወዛወዝ እናቷ ደረሰችባትና በጥፊ አለቻት። ቬዳ ከሴት አፍ ከወጣ ቤት ይፈርሳል ተባለች። አፏን ዘጋች። ጆሮዋን የዘጋላት ግን የለም። ደደቡ ወንድሟ ሊቅ ተብሎ ካባ ሲለብስ እሷ ሺሁንም መዝሙር በሆዷ ይዛ፣ ሆዷ እየነደደ፣ ጽዋውን አጠበች።

ከዚያ ተዳረች። አሥር ዓመት ሳትወልድ ቆየችና ባሏ ኡማያማን አመጣባት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ጸጉሯ ወገቧን ይመታል። በሠርጉ ሳምንት ናንጌማ ከጓሮ አንድ ሥር ቆፈረች።

በቬዳው ውስጥ ስለ ጣውንት የተባለች መዝሙር አለች፤ ስድስት ስንኝ። ሌላዋን ሴት ከቤት አርቆ ባሏን ለብቻዋ እንዲያደርግላት አንዲት ሴት ሥር ቆፍራ የምትለማመንባት ናት። እሳትና ፀሐይ፣ ንጋትና ዝናብ በሚመሰገኑበት መካከል ይህቺ እንዴት ገብታ እንደተቀመጠች ሊቃውንቱ ብዙ ይላሉ። ናንጌማ ምንም ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ከዚያች ሳምንት ጀምሮ በየማለዳው አበባ ስትቀጥፍ፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ፣ ከጉሮሮዋ ብላታለች፤ አርባ ዓመት። ባሏ ሲሞት እንኳ አላቆመችም። ባል ከሞተ ወዲያ ጣውንት ምን ታደርጋለች ቢባል፣ ልጅ አላት።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሌላ ታንኳ ከኋላ ደረሰባቸው። የታችኛው ወንዝ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረው ጃታቬዳን ገና ከሩቅ ሰላምታ አበዛ። መንገዱን ጠየቀ፣ ታንኳውን አመሰገነ፣ የላይኛው ወንዝ ሽማግሌዎች ማኘክ ጀመሩ ወይስ አሁንም ይመጥጣሉ ሲል ጓደኞቹን አሳቀ። ታንኳዎቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባትህን ልጅ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ፣ ኒላካንታን። እንደሳቸው ያለ ጉሮሮ አልሰማሁም። አንዷን ብቻ ሁልጊዜ ይዘሏት ነበር። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ስለ ጣውንት አፉን አይከፍትም እያሉ አባቶቻችን ይስቁባቸው ነበር።» ፈገግ አለ። «ለመሆኑ ላንተ አስተማሩህ?»

«ስትጠይቁ ትሰማላችሁ» አለ ኒላካንታን።

«እንጠይቃለን እንጂ። ዛሬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።»

ታንኳቸው ቀድሞ ሄደ። ያስነሣው ሞገድ የናንጌማን ቀሚስና የሩዙን ዘንቢል እኩል አረጠበ።

ኒላካንታን ለምሳ እንውረድ ብሎ ቀዛፊውን ወደ አንድ ሰፊ አሸዋ አስጠጋው። ቀዛፊውና ኩንጂ ማገዶ ፍለጋ ሄዱ። እሱ አልበላም። እናቱን ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ጠርቶ አጎንብሶ ማንሾካሾክ ጀመረ። የኩሪንጂማና ሰው ሲያንሾካሹክ እንኳ ድምፁ ከጉሮሮው አይጠፋም፤ ከጃንጥላዋ ጀርባ የተቀመጠችው ናንጌማ አንድ ቃል ሳይቀራት ሰማች።

መዝሙሯን አያውቃትም።

አባቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጁ የስምንት ዓመት ሳለ፣ በረንዳው ላይ ጀምሯት ነበር። ከግድግዳው ጀርባ የነበሩት ሁለት ሚስቶች እያንዳንዳቸው በእኔ ላይ ነው አሉና፣ ያን ቀን ናንጌማ ጨው የሌለው፣ ኡማያማ ጨው ብቻ የሆነ ወጥ አቀረቡለት። ከዚያ ወዲያ ቤተ መቅደሱ ኩሬ ዳር አስተምርሃለሁ እያለ አሻገራት። ዛሬ ነገ ሲል ጦርነቱ መጣ፤ በሽሽቱ መንገድ ንዳድ ያዘውና ሞተ። ኒላካንታን ከደቡብ ሲመለስ ሙሉ ባለቬዳ ተብሎ ክብሩን ተቀበለ፤ አንዷ እንደጎደለችው አልተናገረም። ሊቅ የተባለ ሰው ሄዶ አንድ መዝሙር አስተምሩኝ እንዴት ይላል? አፍሮ ዝም አለ። እሱ ዝም እንዳለ የሚያውቋት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አለቁ። የቀሩት አራቱ ደግሞ ሙሉ ነው ብለው የማሉለት ናቸው፤ ዛሬ ደርሶ ቢጠይቃቸው ከጉባኤው በፊት ራሳቸው ያስቀምጡታል።

እውነቱ ይነገር፤ ናንጌማ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ የሚሞቅ ደስታ። ኡማያማ ከሴቶቹ መከለያ ጀርባ ተቀምጣ፣ የልጇ ድምፅ መካከል ላይ ሲቆም፣ የታችኛው ወንዝ ሰዎች ሲንሾካሾኩ ታያት። ስድስቷ ስንኞች ከምላሷ ሥር ናቸው። ባትተነፍስ ማንም አያውቅባትም። አርባ ዓመት የለመነችው ሥር በመጨረሻ ሠራላት። ከአሬራው ቀድታ ጠጣች፤ እንደዚያን ቀን ጥሞት አያውቅም።

ኒላካንታን ከዛፉ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ከስምንት ዓመቱ የቀረችለትን እየፈለገ ነው። አንገቱ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሄደ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ።

ስሕተት ነው። ከሁለተኛው ቃል በኋላ ወደ ላይ ነው እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ያ ደደብ ወንድሟም እዚያችው ላይ ነበር ወር የፈጀው። ኒላካንታን እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ወደ ቀኝ። ናንጌማ ጥርሷን ነከሰች። ቅናትን ችላ መኖር ለምዳለች፤ ስሕተትን ግን ችላ አታውቅም። አንገቷ ሳታዘው ብድግ አለ፣ ወደ ላይ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወረደ።

ቀና ስትል ኡማያማ ፊቷ ቆማለች። ጃንጥላውን በእጇ ገፋ አድርጋዋለች፤ ይህን በአርባ ዓመት አድርጋው አታውቅም።

«እትዬ፣ መዝሙሯን እርስዎ ያውቋታል።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የሩዝ ጠባቂ ነኝ።»

«ያውቋታል። በየማለዳው ነው የምሰማዎት።»

«አበባ ስቀጥፍ አንጎራጉራለሁ። ማንጎራጎርም ተከለከለ?»

ኡማያማ ቁጭ አለች፣ አሸዋው ላይ፣ ምንጣፍ ሳትፈልግ። «ከትራሴ ሥር የቀበሩትን ሥር አግኝቼዋለሁ» አለች። «ገና በሦስተኛው ቀን።»

«ምን አደረግሽው?» አለች ናንጌማ።

«ከአሬራ ጋር አፍልቼ ጠጣሁት። አገር ለውጬ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር፤ ደህና አደረገኝ። በዓመቱ እሱን ወለድኩ።»

ይህስ ከሁሉ ባሰ። ነቅለሽ ብትጥይው፣ ለባልሽ ብታሳይው፣ ብታስደበድቢኝ ይሻለኝ ነበር፤ ታዲያ አርባ ዓመት ምን ብለሽ ዝም አልሽ አለቻት ናንጌማ፣ ድምፁ ወደ ዛፉ እንዳይደርስ እየታገለች።

«ምን እላለሁ? ቃሉ አይገባኝም። በእኔ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዜማው ግን ያምራል።» ኡማያማ አሸዋውን በጣቷ ጫረች። «በሽሽቱ ጊዜ ጫካ ውስጥ ስናድር፣ ሲነጋ መጀመሪያ የምሰማው የእርስዎን ድምፅ ነበር። እትዬ ዛሬም እየረገሙኝ ነው፣ እንግዲያው ደህና አድረናል እል ነበር።»

ናንጌማ ዓይኗን ወደ ወንዙ አዞረች። አባቷ ለወንድሞቿ ሰጠ፤ ባሏ ለዚህች ሰጠ፤ ልጅ ለዚህች ተሰጠ። በእጇ የቀረላት አንድ ነገር ቢኖር ጥላቻዋ ነበር፤ ለብቻዋ ያስቀመጠችው፣ ማንም ያልተካፈላት። እሱንም ጣውንቷ አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስትመገብ፣ ስትወፍርበት ኖራለች።

ኡማያማ ልጇን ጠርታ ነገሩን ነገረችው። ኒላካንታን ሁለቱን እናቶቹን ተራ በተራ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቬዳ ከሴት አፍ አይወሰድም» አለ። «ታላቋ እናቴ፣ እርስዎ እንዴት…»

«እንግዲያው ከጃታቬዳን አፍ ጠብቃት» አለች ናንጌማ። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነግርሃል።»

ከአሸዋው ወዲያኛው ዳር የኩንጂና የቀዛፊው ሳቅ ተሰማ። ኒላካንታን ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን ሲያሻሽ ቆየ። በመጨረሻ ልብሱን አሰባስቦ ናንጌማ ፊት፣ እግሩን አጣጥፎ፣ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ስድስቷን ስንኞች ከነድምፃቸው ካገኘ መጠምዘዙን አይፈራውም፤ በዚያ የሚደርስበት የለም።

ናንጌማ ወዲያው አልጀመረችም። ኩንጂና ቀዛፊው እዚያው ወዲያኛው ዳር እንዲቆዩ ኡማያማን ልካ አስነገረች። ቀጥላ የነጻን ሰው ሳይታጠቡ መንካት አይቻልምና ከነልብሷ ወንዙ ውስጥ ገባች፤ ሦስት ጊዜ ጠለቀች፤ ውሃው ከጸጉሯ እየፈሰሰ ተመለሰች። ኡማያማ የጨዋ ሴት ሥርዓት እንደሚያዘው ከዛፉ ጀርባ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጣቶቿን ጆሮዎቿ ውስጥ ከታ ተቀመጠች።

ናንጌማ ሁለት እጆቿን በኒላካንታን ራስ ላይ አኖረች። በሕይወቷ ጭንቅላቷን እንዲህ የያዘላት ሰው የለም። ሽበት ጣል ያለበት ጸጉር ከመዳፏ ሥር ሞቀ። ይህን ራስ ያቺ ወልዳዋለች፤ እስከ ስድስተኛው ስንኝ ድረስ ግን የእኔ ነው፣ አለች በሆዷ። ማታ በጉባኤው ፊት መምህርህ ማን ነው ሲሉት የአባቱን ስም እንደሚጠራ ታውቃለች። ሌላ ስም ቢጠራ ያባርሩታል። ይህንንም ዋጠችው፤ የዋጠችው ብዙ ነው።

አፏን ከፈተች።

ምንም አልወጣም። ጉሮሮዋን ጠራረገችና እንደገና ከፈተች። የመጀመሪያው ቃል የት ሄደ? ትናንት ማለዳ ነበረ። ዛሬ ማለዳም፣ ታንኳው ሳይነሣ፣ ነበረ። ኒላካንታን ዓይኑን ገልጦ ሽቅብ አያት፤ በዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ ነበረ፤ ያ ጥርጣሬ ከአባቷ ቤት ጀምሮ የምታውቀው ነው። ይህች አሮጊት ምን ታውቃለች የሚለው።

ዓይኗን ጨፈነች። ግቢው ታያት፤ የአበባው ቁጥቋጦ፣ የጉድጓዱ አፍ። አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ቁጥቋጦው ጋ ስትቆም፣ ከጉድጓዱ ማዶ ምን ነበረ? ኡማያማ ነበረች፤ ውሃ ስትቀዳ፣ ጸጉሯን ስታበጥር፣ ሆዷ ሲገፋ፣ ልጇን ስታጥብ፣ ስታረጅ። ናንጌማ መዝሙሯን ለሥሩ ብላት አታውቅም፤ ለአምላክም ብላት አታውቅም። ያንን ፊት ሳታይ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም።

ዓይኗን ገለጠች።

«ኡማያማ» ብላ ተጣራች። ከዛፉ ጀርባ መልስ አልመጣም። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ከወዲያኛው ዳር ቢሰሙም ግድ አልሰጣት። «ኡማያማ፣ ጣትሽን ከጆሮሽ አውጪ። ነይ፣ ከልጅሽ ኋላ ቁሚ፤ ወደ እኔ ዙሪ። ጃንጥላውን ተይው። ስድስቱንም እስክጨርስ ድረስ ፊትሽን እንዳታዞሪብኝ።»